የሌሊቱ ዝምታ አያታልለን፤ በእንቅልፍ ጊዜ ስለሚቋረጥ ትንፋሽና በጥርስ ላይ ስለሚጠለቅ መሣሪያ

በየቤታችን የሚያንኮራፋ ሰው አይጠፋም። ነገሩ የተለመደ በመሆኑ ማንኮራፋትን እንደ ጠባይ እንጂ እንደ ሕመም አንቈጥረውም፤ ልጆች ይሥቁበታል፤ እንግዳም ያደረ እንደ ሆነ በማግሥቱ የቡና መጨዋወቻ ይሆናል። አንዳንዱ ደግሞ «ሲሠራ የዋለ ሰው ነው፤ ድካሙ ነው» ብሎ ያልፈዋል። ብዙ ጊዜም እውነቱን ነው። እኛ ግን በዚህ ጽሑፍ ለመናገር ያሰብነው ስለ ማንኮራፋቱ ሳይሆን በማንኮራፋቱ መካከል ስለሚመጣው ዝምታ ነው።

ሰውየው ድምፁን ከፍ አድርጎ ሲያንኮራፋ ቆይቶ ድንገት ጸጥ ይላል። ደረቱ ለመተንፈስ ሲታገል ይታያል፤ በአፉና በአፍንጫው ግን አየር አይገባም፤ አይወጣም። ዐሥር ሴኮንድ፣ ሃያ ሴኮንድ፣ አንዳንድ ጊዜም ከዚያ በላይ ይቆያል። ከዚያ በኋላ የታነቀ ሰው የሚያሰማውን ዐይነት ድምፅ አሰምቶ በኀይል ይተነፍሳል፤ ማንኮራፋቱንም ይቀጥላል። ሐኪሞች ይህን ሕመም «ስሊፕ አፕኒያ» ይሉታል፤ በእንቅልፍ ጊዜ የትንፋሽ መቋረጥ ማለት ነው። በአገራችን «ዱካክ» ከምንለው ነገር የተለየ ነው። ዱካክ የያዘው ሰው ነቅቶ ሳለ አካሉ አልታዘዝ ይለዋል፤ በማግሥቱም ያስታውሰዋል። ትንፋሹ የሚቋረጥበት ሰው ግን አብዛኛውን ጊዜ አንዳች አያውቅም። የምታውቀው አጠገቡ የተኛችው ባለቤቱ ናት።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። ስንተኛ የምላሳችንና የጉሮሯችን ጡንቻዎች ይላላሉ። ጉሮሮው ሰፊ የሆነውን ሰው ይህ አይጎዳውም። ጉሮሮው ጠባብ፣ አንገቱ ወፍራም፣ ወይም የታችኛው መንጋጋው ወደ ኋላ የገባ ሰው ግን በተለይ በጀርባው ሲተኛ ምላሱ ወደ ኋላ ተንሸራቶ የአየሩን መንገድ ይዘጋበታል። በደሙ ውስጥ ያለው ኦክሲጅን ይቀንሳል፤ አንጎልም አደጋውን ዐውቆ ለቅጽበት ያባንነዋል፤ መንገዱ ይከፈታል። መልሶ ሲያንቀላፋ ጉሮሮው መልሶ ይዘጋል። ሐኪሞች ይህን በሰዓት ይቈጥሩታል፤ ትንፋሹ የሚቋረጠው ወይም በጣም የሚያንሰው በሰዓት ከ5 እስከ 15 ጊዜ ሲሆን ቀላል፣ ከ15 እስከ 30 ሲሆን መካከለኛ፣ ከ30 በላይ ሲሆን ከባድ ይሉታል። በሰዓት 30 ጊዜ ማለት በየሁለት ደቂቃው አንድ ጊዜ ነው፤ ስምንት ሰዓት የተኛ ሰው በአንድ ሌሊት 240 ጊዜ ትንፋሹ ተሰናክሏል ማለት ነው።

እንዲህ ያለው ሰው ብዙ ሰዓት ቢተኛም እንቅልፍ አይጠግብም። ጠዋት ራሱን ያመዋል፤ አፉ ይደርቃል፤ ሌሊት ለሽንት ደጋግሞ ይነሣል፤ ይረሳል፤ በትንሽ ነገር ይቈጣል። ማኅሌት ቆሞ ያደረ ሰው በማግሥቱ ቢያንቀላፋ ምክንያቱ የታወቀ ነው። ሌሊቱን ሙሉ ተኝቶ አድሮ በቅዳሴ ላይ፣ በሥራ ላይ፣ በወሬ መካከል የሚያንቀላፋውን ግን ሰነፍ ከማለታችን በፊት እንዲመረመር ማድረግ ይገባናል። የደም ግፊት መጨመር፣ የልብ አመታት መዛባትና ስትሮክም ከዚህ ሕመም ጋር ተያይዘው ይገኛሉ።

ሕመሙ ጥንታዊ ቢሆንም ምሥጢሩ የታወቀው በቅርቡ ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1965 የፈረንሳይና የጀርመን ሐኪሞች የተኛ ሰው ትንፋሽ ሲቋረጥ በመሣሪያ መዝግበው አሳዩ። በ1976 ክርስቲያን ጊዬሚኖና ባልደረቦቹ በአሜሪካ አገር ለሕመሙ ዛሬ የሚጠራበትን ስም ሰጡት። በ2019 የታተመ አንድ ጥናት ደግሞ ዕድሜያቸው ከ30 እስከ 69 ዓመት ከሆነ የዓለም ሰዎች መካከል 936 ሚሊዮን ያህሉ ቀላልም ሆነ ከባድ ይህ ሕመም እንዳለባቸው ገምቷል።

ነገሩን ወደ አገራችን እናቅርበውና አንድ የአውቶቡስ ሾፌር እናስብ። ከአርባ ምንጭ ማልዶ ተነሥቶ፣ አባያ ሐይቅን በስተ ቀኙ ትቶ፣ በምዕራብ አባያ አድርጎ ወደ ወላይታ ሶዶ ያልፋል፤ ከዚያም ወደ አዲስ አበባ ይጓዛል። መንገዱ 500 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ቆላው እየሞቀ፣ መንገዱም ቀጥ እያለ ሲሄድ ዐይኑ ይከደናል። ከኋላው የተቀመጡት ተሳፋሪዎች ሁሉ ነፍሳቸውን ለእርሱ ዐደራ ሰጥተዋል። ባለቤቱ ሌሊት ትንፋሹ ሲቋረጥ ሰምታ ትደነግጣለች፤ ነገር ግን የሌሊቱ ዝምታና የቀኑ እንቅልፍ አንድ ሕመም መሆናቸውን የነገራት የለም።

ይህ ሰው በመጀመሪያ ወደ ሐኪም ይሂድ፤ ባለቤቱም አብራው ሄዳ ያየችውን ትናገር። ሐኪሙ ጉሮሮውን አይቶ፣ የደም ግፊቱንና የአንገቱን ውፍረት ለክቶ ከጠረጠረ ለእንቅልፍ ምርመራ ይልከዋል። ምርመራው ተኝቶ ሳለ ትንፋሹን፣ የልቡን አመታትና የኦክሲጅኑን መጠን የሚመዘግብ ነው፤ በጣት፣ በአፍንጫና በደረት ላይ በሚታሰር ትንሽ መሣሪያ ቤት ውስጥ የሚደረግም አለ። ለዚህ ምርመራ ወደ አዲስ አበባ መሄድ ቢያስፈልገው፣ ያን ጊዜ ሾፌር ሳይሆን ተሳፋሪ ይሁን። እስኪታከም ድረስ መሪ መጨበጥ የለበትም።

ከሕክምናዎቹ ሁሉ ኀይለኛው በ1981 በአውስትራሊያ ኮሊን ሱሊቫን ከባልደረቦቹ ጋር ያስተዋወቀው ነው። ይኸውም ትንሽ ሞተር አየርን በቱቦና በአፍንጫ ጭንብል አማካይነት እየገፋ ጉሮሮው እንዳይዘጋ ያደርጋል። ሕመሙ ለጸናበት ሰው ከዚህ የሚበልጥ የለም። ይሁን እንጂ ዋጋው ከባድ ነው፤ ኤሌክትሪክም ይፈልጋል። መብራት በሚጠፋበት ሌሊት ባትሪ ከሌለው ሥራውን ያቆማል። በቆላ ሙቀት፣ በወባ አጎበር ውስጥ፣ ጭንብል አጥልቆ መተኛት የሚያስመርረውም ሰው ብዙ ነው።

ሁለተኛው ሕክምና ኤሌክትሪክ የማይፈልገው የአፍ መሣሪያ ነው። ሐሳቡ የቆየ ነው፤ በ1902 ፕየር ሮባን የተባለ ፈረንሳዊ ሐኪም መንጋጋቸው አንሶ ምላሳቸው ወደ ኋላ ለሚወድቅባቸው ልጆች እንዲህ ያለ ነገር አዘጋጅቶ ነበር። ዛሬ ለዐዋቂዎች የሚሠራው በላይኛውና በታችኛው ጥርስ ላይ የሚጠለቅ የተያያዘ ጥንድ ሽፋን ሲሆን፣ የታችኛውን መንጋጋ በጥቂት ሚሊ ሜትር ወደ ፊት ስቦ ይይዛል። ምላስ ከመንጋጋ ጋር የተያያዘ ስለሆነ አብሮ ወደ ፊት ይመጣል፤ ከኋላው ያለው የአየር መንገድም ይሰፋል። በአሜሪካ የእንቅልፍ ሕክምና ማኅበራት በ2015 ባወጡት መመሪያ፣ የአየሩን መሣሪያ መታገሥ ላልቻሉ ወይም ሌላ ለሚመርጡ ዐዋቂዎች ይህ እንዲታዘዝ መክረዋል።

ከሁለቱ የትኛው ይበልጣል ለሚለን መልሱ እንዲህ ነው። በ2013 በታተመ የአውስትራሊያ ጥናት 126 ሰዎች ተመዝግበው ሁለቱንም በየተራ ለአንድ አንድ ወር ሞከሩ። የትንፋሹን መቋረጥ በመቀነስ የአየሩ መሣሪያ በለጠ። ነገር ግን ሰዎቹ የአየሩን በሌሊት በአማካይ 5.2 ሰዓት፣ የአፉን 6.5 ሰዓት ተጠቀሙ፤ በደም ግፊት ላይ ያሳዩት ውጤትም አልተለያየም። በመደርደሪያ ላይ ያለ ብርቱ መድኃኒት፣ ሌሊቱን ሙሉ በአፍ ውስጥ ካደረ መጠነኛ መድኃኒት አይበልጥም።

አሁን ወደ ሾፌራችን እንመለስ። በምርመራው በሰዓት 22 ጊዜ ተቈጠረበት እንበል። ሥራውን የሚያውቅ የጥርስ ሐኪም የጥርሱን ቅርጽ ወስዶ መሣሪያውን በልኩ ያሠራለታል። መጀመሪያ መንጋጋው ሊወጣ ከሚችለው ርቀት ግማሹን ያህል ብቻ ወደ ፊት ይወሰዳል። በመጀመሪያዎቹ ሌሊቶች ለሀጩ ይበዛል ወይም አፉ ይደርቃል፤ ጠዋት የመንጋጋው ጡንቻ ያመዋል፤ ጥርሱም አልገጥም ያለ ይመስለዋል። ይህ አብዛኛውን ጊዜ ፊቱን ታጥቦ ቁርሱን እስኪበላ ድረስ ይተወዋል። ከዚያ ለብዙ ሳምንታት መሣሪያው በጥቂት በጥቂቱ ወደ ፊት ይገፋል።

እነሆ፣ አንድ ሌሊት ማንኮራፋቱ ይጠፋል። ባለቤቱ ደስ ይላታል፤ እርሱም ወደ መሪው ሊመለስ ይቸኩላል። ፈተናው ያለው በዚህ ነው። ማንኮራፋት የጉሮሮ መንቀጥቀጥ ድምፅ እንጂ ሕመሙ ራሱ አይደለም፤ ድምፁ ጠፍቶም ትንፋሹ መሰናከሉን ሊቀጥል ይችላል። ስለዚህ መሣሪያውን አጥልቆ እንደ ገና ይለካል። በዚህ ጊዜ 14 ቢገኝበት ገና አልዳነም፤ መሣሪያው ይስተካከላል፤ ደግሞ ይለካል። ከ5 በታች ሲወርድና የቀኑ እንቅልፍ ሲለቀው፣ ያን ጊዜ ሐኪሙ ፈቅዶ ወደ ሥራው ይመለሳል። ሳይለኩ የጠለቀ መሣሪያ ጆሮን ያሳርፋል እንጂ ልብንና ተሳፋሪን አይጠብቅም። በገበያ የሚሸጠው፣ በሙቅ ውሃ አለስልሰው የሚነክሱት ዐይነትም በልክ የተሠራውን አይተካም።

መሣሪያው ለሁሉም አይሆንም። ለመያዣ የሚበቁ ጠንካራ ጥርሶች ያስፈልጉታል፤ ድዱ የታመመ፣ ጥርሱ የሚነቃነቅ፣ የመንጋጋ መገጣጠሚያው የሚያመው ሰው አስቀድሞ ይታከም። በስምጥ ሸለቆ በፍሎራይድ የበለዘ ጥርስ ብዙ ነው፤ መበለዙ ብቻውን አይከለክልም፤ የተሸረፈና የተጎዳ መሆኑን ግን የጥርስ ሐኪሙ ማየት አለበት። ዓመታት ሲያልፉም የጥርስ አቀማመጥ በጥቂቱ ሊለወጥ ስለሚችል በየጊዜው መታየት ይገባል። ጉሮሮ ሳይዘጋ አንጎል ራሱ የመተንፈስ ትእዛዝ ለሚያቋርጥባቸው ሰዎችም ይህ መሣሪያ መፍትሔ አይሆንም።

በተለይ ስለ ልጆች አጥብቀን እንናገራለን። የሚያንኮራፋና ሌሊት የሚታፈን ልጅ ብዙ ጊዜ ቶንሲሉ አብጦ ሊሆን ስለሚችል ወደ ሐኪም ይወሰድ። እንጥል ማስቈረጥ የዚህ ሕመም ፈውስ አይደለም፤ ደም ያፈስሳል፤ ቁስሉ ይመረቅዛል፤ ሕይወትም ያጠፋል።

ከጨንቻ ደጋ እስከ አባያ ቆላ፣ በማንኛውም ቤት ያለ ገንዘብ የሚጀመር ሥራም አለ። የወፈረ ሰው ክብደቱን ይቀንስ፤ በጀርባ ሳይሆን በጎን ይተኛ፤ ጉሮሮን ይበልጥ ስለሚያላሉ ማታ አረቄ፣ ጠጅና ቦርዴ ይቅሩ። መሣሪያው የተሠራለት ሰው ጠዋት ጠዋት በለስላሳ ብሩሽና በቀዝቃዛ ውሃ ይጠበው፤ ሙቅ ውሃና ፀሐይ ቅርጹን ያበላሹበታል፤ በተሽከርካሪ ውስጥም አይተወው።

ውድ አንባብያን ሆይ፤ የዚህ ሕመም የመጀመሪያ ምስክር በሽተኛው ሳይሆን ቤተ ሰቡ ነው። ዛሬ ማታ ማንኮራፋቱ ድንገት ሲቋረጥ የሰማች እመቤት ወይም የሰማ ልጅ ሰዓት ይዞ ይቍጠር፤ ጸጥታው ስንት ሴኮንድ እንደ ቆየ፣ ስንት ጊዜም እንደ ተደጋገመ በወረቀት ጽፎ ለሐኪም ያድርስ። ሐኪሙ ከሚጠይቃቸው ጥያቄዎች ሁሉ በሽተኛው ሊመልሰው የማይችለው ይህ ነውና።