«ከ200 በላይ ጥናት ያሳተመ» ሲባል ቁጥሩ ምን ይነግረናል?

ስለ ጤና የሚያወራ ሰው ቪዲዮ ስልካችሁ ላይ ይመጣል። ከስሙ ሥር «ከ200 በላይ ጥናቶች ያሳተመ፣ 10 ሺህ ጊዜ የተጠቀሰ» ይላል። ቁጥሩ ትልቅ ስለሆነ ብቻ ክትባት የተወ፣ መድኃኒት ያቋረጠ ሰው ሊኖር ይችላል። እስኪ ይሄ ቁጥር ምን እንደሚለካ፣ ምን እንደማይለካ ቀለል አድርገን እንየው። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

መጠቀስ ምንድን ነው?

ተመራማሪዎች ጥናት ሲያሳትሙ የተነሱባቸውን የሌሎች ሰዎች ሥራዎች መጨረሻ ላይ ይዘረዝራሉ። አንድ ጥናት እንዲህ ባለ ዝርዝር ውስጥ በገባ ቁጥር አንድ ጊዜ ተጠቀሰ ይባላል። ጉግል ስኮላርን የመሳሰሉ ገጾች ይህን እየደመሩ በተመራማሪው ስም ያስቀምጡታል።

ኤች-ኢንዴክስስ?

ይህን መለኪያ በ2005 ያቀረበው ሆርሄ ሂርሽ የተባለ የፊዚክስ ሊቅ ነው። አሠራሩ ከባድ አይደለም። አንድ ሰው 5 ጥናት አለው እንበል፤ እነሱም 50፣ 20፣ 6፣ 3 እና 1 ጊዜ ተጠቅሰዋል። ቢያንስ 3 ጊዜ የተጠቀሱ 3 ጥናቶች አሉት፤ ቢያንስ 4 ጊዜ የተጠቀሱ 4 ጥናቶች ግን የሉትም። ስለዚህ ኤች-ኢንዴክሱ 3 ነው። አንድ ጥናት ብቻ ያለው ሰው ደግሞ ያ ጥናት 5 ሺህ ጊዜ ቢጠቀስም ኤች-ኢንዴክሱ 1 ነው።

ቁጥሩ የሚያሳስተው የት ላይ ነው?

አንደኛ፣ ቁጥሩ ይዘገያል። ካታሊን ካሪኮ በኤምአርኤንኤ ላይ ስትሠራ ለምርምሯ ገንዘብ የሚሰጥ አጥታ በ1995 በዩኒቨርሲቲዋ ከደረጃዋ ዝቅ ተደርጋለች። ከድሩ ዋይዝማን ጋር ያገኙትን ቁልፍ ውጤት በ2005 ሲያሳትሙም ብዙ ትኩረት አልሳበም። በኮቪድ ጊዜ የወጡት የፋይዘር-ባዮንቴክና የሞደርና ክትባቶች ግን የቆሙት በዚያ ሥራ ላይ ነው። ሁለቱ በ2023 የኖቤል ሽልማት ወሰዱ። ጥናቱ ያው ነው፤ የተለወጠው የዓለም ትኩረት ነው።

ሁለተኛ፣ መጠቀስ መመስገን አይደለም። አንድሩ ዌክፊልድ በ1998 በ12 ሕፃናት ላይ ተመሥርቶ የኩፍኝን ክትባት ከኦቲዝም ጋር የሚያያይዝ ጽሑፍ አወጣ። ላንሴት የተባለው መጽሔት በ2010 ጽሑፉን ሰረዘው። ያም ሆኖ በጣም ከሚጠቀሱ የተሰረዙ ጽሑፎች አንዱ ነው። ብዙዎቹ የጠቀሱት ስህተት መሆኑን ለማሳየት ነበር፤ ቆጣሪው ግን ድጋፍና ተቃውሞ አይለይም።

ሦስተኛ፣ ብዙ መጠቀስ የግድ ትልቅ ግኝት አለ ማለት አይደለም። ከ300 ሺህ ጊዜ በላይ የተጠቀሰው የኦሊቨር ላውሪ የ1951 ጽሑፍ ፕሮቲን እንዴት እንደሚለካ የሚያሳይ ነው። ዘዴውን የተጠቀመ ሁሉ ይጠቅሰዋል።

ታዲያ ምን እንይ?

• ጥናቱን በፐብሜድ ፈልጉት። ተሰርዞ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ እዚያው ላይ ተጽፏል።
• ሰውየው የሚናገረው ባጠናው ጉዳይ ላይ ነው ወይ? የልብ ተመራማሪ 200 ጥናት ስላለው የካንሰር ባለሙያ አይሆንም።
• ስሙ የት ነው የተጻፈው? በሕክምና ምርምር ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ የሚጻፈው ዋናውን ሥራ የሠራው፣ መጨረሻ የሚጻፈው ደግሞ ቡድኑን የመራው ነው።
• ሁለት ሰዎችን በቁጥር አታወዳድሩ። 30 ዓመት የሠራና ትናንት የጀመረ፣ ብዙ ተመራማሪ ያለበት ዘርፍና ጥቂት ያለበት ዘርፍ እኩል አይቆጠሩም።

የእኛ አገር ተመራማሪዎች ላይ ሲሆን አንድ ነገር ይጨመራል። የውጭ አገር ሥርዓቶች የአባትን ስም እንደ ቤተሰብ ስም ይወስዱታል፤ በላቲን ፊደል ሲጻፍም ያው ስም ሁለት ሦስት ዓይነት ይሆናል። በዚህ ምክንያት የአንድ ሰው ሥራ ለሁለት ሊከፈል፣ የሁለት ሰው ሥራ ደግሞ በአንድ ስም ሊደመር ይችላል። ምርምር የጀመራችሁ ካላችሁ ኦርኪድ የሚባለውን ነፃ መለያ ቁጥር ከመጀመሪያው ጥናታችሁ ጀምሮ ያዙ።

ባጭሩ፣ ቁጥሩ የሚነግረን ስንት ጊዜ እንደተጠቀሰ ነው። እውነት መሆኑን ለማወቅ ጥናቱን ራሱን ከፍቶ ማየት ያስፈልጋል።