«ስኳር ላለበት ሰው ስኳር ይሰጠዋል እንዴ?»

የዛሬው ወሬዬ የሚጀምረው ታክሲ ውስጥ ነው፤ የሚያልቀው ግን ማዕድ ላይ ነው። ባለታሪኩ ጓደኛዬ ነው። ስሙንም ሰፈሩንም አልነግራችሁም። «ጻፈው፣ ሌላው ይማርበት» ያለኝ ግን ራሱ ነው።

ዕድሜው 28 ነው። ሱቅ ውስጥ ተቀጥሮ ይሠራል። ኳስ ይወዳል፤ ለስላሳ ደግሞ ከኳስም አብልጦ ይወድ ነበር። አምና ውሃ ጥም አላስቆም አላስቀምጥ አለው። ሌሊት ሦስት አራት ጊዜ ለሽንት መነሳት ጀመረ። ሱሪው ከወገቡ ላይ ይንሸራተት ጀመር። «ሸንቀጥ ብለህ አማረብህ!» ያልነው እኛ ጓደኞቹ ነን፤ እኔም አለሁበት።

ሲመረመር በባዶ ሆዱ የደሙ ስኳር ከ200 በላይ ሆነ። በሌላ ቀን ተለካ፤ ያው ነው። ጤነኛ ሰው በባዶ ሆዱ ሲለካ ከ100 በታች ነው። ተደጋግሞ ተለክቶ 126 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ የስኳር በሽታ አለ ማለት ነው። ሐኪሙ «ዓይነት ሁለት የሚባለው ነው» ብሎ ኪኒን አዘዘለትና «አመጋገብህን አስተካክል» ብሎ ሸኘው።

አመጋገብህን አስተካክል! ለመሆኑ ምን ማለት ነው? ጓደኛዬ አልጠየቀም። ውጪ ሰልፉ ረጅም ነበር፣ እሱም ደንግጦ ነበር። የገባው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «አትብላ»።

ለቤተሰብም አልተናገረም። ለምን ብዬ ስጠይቀው የመለሰልኝ አሳቀኝም አሳዘነኝም። «ሽማግሌ ልልክ እየተዘጋጀሁ የሽማግሌ በሽታ ያዘኝ ልበል?» አለኝ። (የሽማግሌ በሽታ ብቻ አለመሆኑን ያን ጊዜ አላወቀም።) እናም ጠዋት ኪኒኑን ውጦ ቁርስ ሳይበላ ይወጣል። ምሳ ይዘላል። ማታ እናቱ «በሞቴ» እያሉ ሲያጎርሱት ግን እምቢ ማለት አቅቶት እስኪጠግብ ይበላል።

አንድ ቀን ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ታክሲ ውስጥ ላብ አጠመቀው። እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ልቡ ይመታል፣ ዓይኑ ጭልም ይልበታል። ወያላው «ሒሳብ፣ ወንድም!» ሲለው ምላሱ ተሳሰረ። «ይሄ ገና በጊዜ ጠጥቷል፣ አውርዱት!» አለ አንዱ።

አጠገቡ የተቀመጡ እናት ግን እጁን ያዝ አድርገው «ልጄ፣ መድኃኒት ትወስዳለህ?» አሉት። ወደ ኪሱ ጠቆመ። አውጥተው አዩና «እኔም የምውጠው ነው! ሹፌር፣ ሱቁ ጋ አቁምልን፤ ለስላሳ ግዙለት!» ብለው ጮኹ። ይሄኔ ከኋላ ጥያቄው መጣ፦ «ስኳር ላለበት ሰው ስኳር ይሰጠዋል እንዴ? ልትገድሉት ነው?»

እሳቸው መልስ አልሰጡም። ግማሽ ጠርሙስ አጠጡት። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ነፍሱ መለስ አለች። መጀመሪያ የተናገረው «ሒሳብ አልከፈልኩም» ነበር።

እንግዲህ መልሱን እኔ ልስጥ። አዎ፣ ይሰጠዋል! ኢንሱሊን፣ እንዲሁም እንደ ግሊቤንክላማይድ ያሉ ኪኒኖች፣ በላችሁም አልበላችሁ የደም ስኳርን ወደ ታች ይገፋሉ። ሆድ ባዶ ከሆነ ስኳሩ ከ70 በታች ይወርዳል፤ ያ ደግሞ ቶሎ የሚጥል አደጋ ነው። ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ ግራ መጋባት ምልክቶቹ ናቸው። ሦስት አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጦ ወይም ግማሽ ጠርሙስ ለስላሳ መስጠት፣ 15 ደቂቃ መጠበቅ፣ ካልተሻለው መድገም፣ ከዚያ ምግብ ማብላት ነው። ራሱን የሳተ ሰው ግን አፉ ውስጥ ምንም አይጨመርበትም፤ በቀጥታ ወደ ሐኪም ቤት!

በነጋታው ጓደኛዬ ጥያቄዎቹን በወረቀት ጽፎ ተመልሶ ሄደ። አንዲት ሲስተር ቁጭ አድርጋ አስረዳችው። ኢንሱሊን በካናዳ፣ ቶሮንቶ እ.ኤ.አ. በ1921 ከመገኘቱ በፊት ሐኪሞች ስኳር የያዛቸውን ሕጻናት ምግብ እየነፈጉ ነበር ጥቂት ጊዜ የሚያቆዩአቸው። ጓደኛዬም ሳያውቀው የመቶ ዓመት ሕክምና ጀምሮ ነበር ማለት ነው!

ከዚያ የቀረው እናቱን መንገር ነበር። ነገራቸው። እሳቸውም ትንሽ ዝም ብለው «እኔ እኮ ስትከሳብኝ ጊዜ ነው ጉርሻውን የጨመርኩት» አሉ። አያችሁ? ልጅ ቀን ቀን ይራባል፣ እናት ማታ ማታ ትክሳለች፤ ሁለቱም ለማዳን ነው። ምስጢሩ ግን መሐል ቤት ገብቶ አንዱ የሌላውን ያፈርሳል።

ታዲያ ምን ተለወጠ? ለብቻው ድስት አልተጣደለትም። የተለወጠው እነሆ፦

መጀመሪያ የሚጠጣው ነው። አንድ ጠርሙስ ለስላሳ ሰባት ስምንት የሻይ ማንኪያ ስኳር አለው። በውሃ ተካው። «ማር መድኃኒት ነው» ብሎ ሻዩን በማር ማጣፈጥ ጀምሮ ነበር፤ ማርም ያው ስኳር ነውና ቀረ። ጁስ ቤት ሲገባ «ስፕሪስ» ማለቱን ትቶ አቮካዶ ያለ ስኳር ያዛል። ፍራፍሬውን ደግሞ ከሚጠጣው ማኘኩን መርጧል።

ሁለተኛው እንጀራ ነው። ፈረንጆቹ ሳህኑን በሐሳብ ክፈሉት ይላሉ፦ ግማሹ አትክልት፣ ሩቡ ሥጋ ወይም እንቁላል ወይም ጥራጥሬ፣ ሩቡ ዳቦ ወይም ሩዝ። የኛ ነገር ግን እንጀራው ራሱ ሳህን፣ ራሱ ማንኪያ፣ ራሱ ምግብ! «ጤፍ ስኳር የለውም» የሚባለውን አትመኑ። ጤፍ ጥሩ እህል ነው፤ ሆድ ሲገባ ግን እሱም ስኳር ይሆናል። ስለዚህ እናቱ እንጀራውን ቀነሱና ጎመኑን፣ ፎሶልያውን፣ ሰላጣውን አበዙ። ምስርና ሽሮ በመጠኑ አሉ። ፍርፍር በእንጀራ፣ ድንች ወጥ በእንጀራ፣ ፓስታ በዳቦ ግን ያው በያው ላይ መደረብ ስለሆነ ተቀነሰ። ቤተሰቡም አብሮ ነው የሚበላው፤ አባትየውም ቦርጫቸው ጎደል ብሏል ይባላል!

ሦስተኛው ሰዓት ነው። ቁርስ አይዘለልም፣ የቀኑ ምግብም ለማታ አይጠራቀምም። ከራት በኋላ ሰፈሩን ዞር ዞር ይላል፤ እግር ሲንቀሳቀስ ጡንቻ ስኳሩን ይጠቀምበታል። ባዶ ሆድ ላይ አልኮል ደግሞ ያንን የታክሲውን ታሪክ ሊደግመው ይችላል። ጾም የምትጾሙ፣ ክርስቲያንም ሁኑ ሙስሊም፣ መድኃኒት የምትወስዱ ከሆነ ጾሙ ሳይገባ ሐኪማችሁን አማክሩ። የኪኒኑ መጠንና ሰዓት ሊለወጥ ይችላል።

ከሦስት ወር በኋላ ሲለካ በባዶ ሆዱ 128 ሆነ። ኪኒኑን አላቆመም፤ እናንተም ያለ ሐኪም አታቁሙ። በተለይ ዓይነት አንድ የሚባለው ያለባችሁ፣ አመጋገብ የቱንም ያህል ቢስተካከል ኢንሱሊን አይቀርም። «በዚህ ቅጠል ድኗል» የሚላችሁን እለፉት።

የቀረው የግብዣው ጣጣ ነው። «በሞቴ፣ ይቺን ብቻ!» ሲሉት ድሮ ይውጥ ነበር። አሁን «ስኳር አለብኝ፣ ጎመኑን ያጉርሱኝ» ይላል። ያኮረፈ ሰው እስካሁን የለም።

«ልጅቷስ?» እንደምትሉ አውቃለሁ። ጁስ ቤት ወስዶ ነገራት። እሷም ስፕሪሷን ገፋ አድርጋ «ታዲያ በዚህ ምክንያት ሽማግሌው ቀረ ልትለኝ ነው?» አለችው። አልቀረም። ሽማግሌዎቹ ባለፈው ወር ሄደዋል። ለሠርጉ ኬክ ምን እንደሚደረግ ግን ገና አልተስማሙም።

ቸር እንሰንብት!