ቪትሩቪየስን ከየትኛው ገጽ እንጀምር?

ቂሊንጦ የሚገኘው የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ሥነ ሕንፃ ያስተምራል። ይህን ትምህርት የጀመረ ሁሉ የሮማዊውን የቪትሩቪየስን ስም ይሰማል፤ መጽሐፉን ገልጦ የሚያነበው ግን ብዙ አይመስለኝም። «ስለ ሥነ ሕንፃ» የተሰኘው ሥራ ከክርስቶስ ልደት ጥቂት አሥርት ዓመታት አስቀድሞ በላቲን ተጽፎ ለአውግስጦስ ቄሣር የተበረከተ ነው። ስለ ሙያው በጥንቱ ዓለም ከተጻፉት መካከል በሙሉ አካሉ የደረሰን እሱ ብቻ ነው።

አሥር ክፍሎች አሉት። ሦስተኛውና አራተኛው የቤተ መቅደስና የዓምድ ናቸው፤ ዝናው ያለው እዚያ ነው። እኔ ግን ከሁለተኛው ጀምሩ እላለሁ። በቬሱቪየስ ተራራ አካባቢ የሚገኝ አመድ መሰል አፈር ከኖራና ከድንጋይ ስብርባሪ ጋር ሲደባለቅ ውኃ ውስጥ እንኳ እንደሚጠነክር የጻፈው እዚህ ነው። እ.ኤ.አ. በ126 ገደማ የተጠናቀቀው የሮም ፓንቴዎን፣ 43 ሜትር ስፋት ያለው ጉልላቱ ያለ ፌሮ እስከ ዛሬ የቆመው በእንዲህ ያለ ኮንክሪት ነው። በየሰፈራችን ግንባታ ላይ የሚራገፈው ፒፒሲ ሲሚንቶም ዘሩ ከዚያው ነው፤ አብሮ የሚፈጨው ፑሚስ የስምጥ ሸለቆአችን እሳተ ገሞራ የተፋው ነው።

ሰባተኛው ክፍል ላይ ሰውዬው ይነጫነጫል። የዘመኑ ሠዓሊዎች በዓምድ ፈንታ መቃ፣ በአበባ አገዳ ላይ የሰው ራስ መሣላቸው አናዶታል። እንዲህ ያሉ ሥዕሎች ከፖምፔይ ፍርስራሽ ወጥተው ዛሬ ዓለም ያደንቃቸዋል፤ እኔም ከሠዓሊዎቹ ጋር ነኝ። ስምንተኛው ላይ ግን እውነቱ የእሱ ነው፦ የእርሳስ ሠራተኞችን የገረጣ መልክ አይቶ፣ ውኃ በእርሳስ ሳይሆን በሸክላ ቧንቧ ይምጣ ብሏል። ሮማውያን አልሰሙትም።

አርክቴክት ፍልስፍና እንዲማርም ይፈልጋል፤ ከትዕቢትና ከስግብግብነት ይጠብቀዋልና። በፍልስፍና ብቻ ግን አልተማመነም። በአሥረኛው ክፍል መግቢያ የኤፌሶንን የጥንት ሕግ ያነሣል፦ የመንግሥት ሕንፃ የሚሠራ አርክቴክት ወጪውን ገምቶ ንብረቱን ያስይዛል። ወጪው ከግምቱ እስከ ሩብ ቢበልጥ መንግሥት ይከፍላል፤ ከዚያ ካለፈ ከአርክቴክቱ ንብረት ይወሰዳል። ቪትሩቪየስ ይህ ሕግ ለሮማም በሆነ ብሎ ይመኛል። የቂሊንጦ ተማሪዎች ስለ ዓምድ የሚያነቡትን ያህል ይህንንም ገጽ ቢያነቡልኝ ደስ ይለኛል።