ከፕሮሰሰሩ በፊት ፊደሉ፦ በካምፓላ ትምህርት ቤቶች ለመሣሪያ አስተዳደርና ለድምፅና ምስል ዝግጅት የሚሆን ላፕቶፕ አመራረጥ

1. መነሻ

በኡጋንዳ ከ2007 ጀምሮ ሥራ ላይ የዋለው የአንደኛ ደረጃ ሥርዓተ ትምህርት ከ1ኛ እስከ 3ኛ ክፍል ያሉ ሕፃናት በአካባቢያቸው ቋንቋ እንዲማሩ፣ 4ኛ ክፍል ደግሞ ወደ እንግሊዝኛ መሸጋገሪያ እንዲሆን ይደነግጋል (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በካምፓላ ይህን መፈጸም ቀላል አይደለም። ከተማዋ የሉጋንዳ አገር ብትሆንም ከየአቅጣጫው የመጡ ቋንቋዎች የሚገናኙባት ስለሆነች፣ ብዙ የከተማ ትምህርት ቤቶች ከመጀመሪያው ክፍል አንሥተው በእንግሊዝኛ ያስተምራሉ። በሉጋንዳ ማስተማር የሚፈልግ መምህር አብዛኛውን ጊዜ የሚጎድለው የማስተማሪያ ጽሑፍና ቅጂ ነው።

በዚህ ሁኔታ ውስጥ ያለ አንድ ትምህርት ቤት ጥቂት ታብሌቶች አግኝቷል እንበል። መሣሪያዎቹን የማስተዳደሩ ኃላፊነት ለቋንቋ መምህሩ ይሰጣል። ያው መምህር የአረጋውያንን ተረት እየቀረጸ ለክፍል የሚሆን አጭር ቪዲዮ ያዘጋጃል። ያለው ገንዘብ ግን ለአንድ ላፕቶፕ ብቻ ነው። ሻጩ ስለ ፕሮሰሰርና ስለ ዋጋ ይናገራል፤ ማሽኑ የልጆቹን ቋንቋ መጻፍ ይችል እንደሆነ የሚጠይቅ ግን አይገኝም። ይህ ጽሑፍ የምርጫው ቅደም ተከተል ከቋንቋው መጀመር ያለበት ለምን እንደሆነ ያብራራል።

2. ሁለት ሥራ፣ ሁለት ፍላጎት

መሣሪያ ማስተዳደር ብዙ ጉልበት የሚጠይቅ ሥራ አይደለም። የጉግል የአስተዳደር ገጽም ሆነ የማይክሮሶፍት ኢንቲዩን የሚሠሩት በድረ ገጽ መቃኛ (ብራውዘር) በኩል ስለሆነ፣ ለእነርሱ መጠነኛ ላፕቶፕ ይበቃል። አይፓዶችን በኬብል እያገናኙ የሚያዋቅረው የአፕል ኮንፊጉሬተር ግን ማክ ይፈልጋል። ስለዚህ የልጆቹ መሣሪያ ምን ዓይነት እንደሆነ ሳይታወቅ የአስተዳዳሪውን ላፕቶፕ መግዛት ከኋላ ወደ ፊት መሄድ ነው።

የድምፅና የምስል ዝግጅት በአንጻሩ ማህደረ ትውስታ (ራም)፣ ሰፊ ማከማቻና ጥሩ ስክሪን ይጠይቃል። በኔዘርላንድስ ኔይሜኸን ከተማ ከሚገኘው የማክስ ፕላንክ የሥነ ልሳን ሥነ ልቡና ተቋም የወጣው ኤላን ለዊንዶውስ፣ ለማክና ለሊኑክስ የተዘጋጀ ነው። ለአስተዳደር የሚበቃ ክሮምቡክ ቅጂን በኤላን ለመተንተንና ረጅም ቪዲዮ ለማቀናበር ተስማሚ የማይሆነውም በዚህ ምክንያት ነው። ሁለቱን ሥራ በአንድ ማሽን ለሚሠራ ሰው መለኪያው ከባዱ ሥራ ነው፤ 16 ጊጋባይት ራም ምክንያታዊ መነሻ ይሆናል። 8 ጊጋባይት ብቻ ሲኖር፣ በዝቅተኛ ጥራት በተዘጋጁ ጊዜያዊ ቅጂዎች ላይ አቀናብሮ በመጨረሻ ወደ ዋናው መመለስ ይቻላል።

3. የፊደሉ ፈተና

አማርኛ ተናጋሪ «እንግዳ» ሲል «ን» ከ«ግ» በፊት በላንቃ ጀርባ ትነገራለች። በአማርኛ ይህ የአካባቢ ድምፅ ውጤት ብቻ ነው። በሉጋንዳ ግን ይኸው ድምፅ ራሱን የቻለ ነው፤ በ1947 በጸደቀው አጻጻፍም የራሱ ፊደል አለው፤ እርሱም ጅራት ያለው የላቲን «ኤን» ነው። ፊደሉ በተለመደው የእንግሊዝኛ ኪቦርድ ላይ ስለሌለ፣ ጸሐፊዎች «ኤን» እና «ጂ»ን አከታትለው ከላይ ጭረት በመጨመር ይተኩታል። ይሁን እንጂ ያው ጭረት በሉጋንዳ የአናባቢ መዋጥን ለማመልከትም ያገለግላል። በዚህም አንድ ምልክት ሁለት ተግባር ይሸከማል፤ አንዱ ቃል በሁለት አጻጻፍ ይቀመጣል፤ በኮምፒውተር የሚፈልገውም ሰው ከሁለቱ አንዱን ብቻ ያገኛል። ጭረቱ አንዳንዴ ቀጥ ያለ፣ አንዳንዴ ጎባጣ ሆኖ ሲጻፍ ደግሞ የአጻጻፉ ዓይነት ይበዛል።

የትልቁ ፊደል ቅርጽም ጥያቄ ያስነሣል። አንዳንድ ፎንቶች በሰሜን አውሮፓ የሳሚ ቋንቋዎች የሚታወቀውን፣ ከትልቁ «ኤን» የተወሰደውን ቅርጽ ያሳያሉ። በአፍሪካ ቋንቋዎች የሚመረጠው ግን የትንሹ ፊደል የገዘፈ መልክ ነው። የዩኒኮድ ቁጥራቸው አንድ ስለሆነ ልዩነቱን የሚወስነው ፎንቱ ነው። ማንበብ የጀመረ ሕፃን በመጽሐፉ አንድ ቅርጽ፣ በታብሌቱ ሌላ ቅርጽ ሲያይ ግራ ይጋባል።

በካምፓላ የካባላጋላና የካንሳንጋ ሰፈሮች የሚኖሩ የኢትዮጵያውያንና የኤርትራውያን ልጆች ባሉበት ክፍል ግዕዝ ፊደልም ይጨመራል። የኢትዮጵያ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 ነው። ከዚያ በፊት እያንዳንዱ ሶፍትዌር የራሱን ቁጥር ይጠቀም ስለነበር፣ በአንዱ የተጻፈው በሌላው ሲከፈት ትርጉም የለሽ ምልክት ይሆን ነበር። ዛሬ ዊንዶውስ ኢብሪማ፣ ማክ ደግሞ ከፋ የተባሉ ግዕዝን የያዙ ፎንቶች አሏቸው። በአንዱ ተሠርቶ በሌላው የተከፈተ ቪዲዮ ግን ፎንቱ ሲተካ የመስመሩ ርዝመት ይለወጣል፤ የግርጌ ጽሑፉም ከስክሪኑ ሊወጣ ይችላል። ስለዚህ በሁለቱም ላይ የሚጫን እንደ ኖቶ ወይም አቢሲኒካ ያለ ነጻ ፎንት አስቀድሞ መወሰን ይገባል።

የመሣሪያ አስተዳደር ከሥነ ልሳን ጋር የሚገናኘው እዚህ ላይ ነው። የትኛው ኪቦርድ በልጆቹ ታብሌት ላይ እንደሚጫንና የትኛው መተግበሪያ እንደሚታገድ የሚወስነው አስተዳዳሪው ነው። ለብዙ ቋንቋዎች ኪቦርድ የሚያቀርበው ነጻው ኪይማን በፈቃድ ዝርዝሩ ውስጥ ካልገባ፣ ልጁ የቋንቋውን ፊደል በደብተሩ እንጂ በታብሌቱ አይጽፍም።

4. የቅጂው ክብደት

በ48 ኪሎኸርዝና በ24 ቢት፣ በአንድ ቻናል የተቀረጸ የአንድ ሰዓት ያልታመቀ ድምፅ 518 ሜጋባይት ያህል ይይዛል። በሴኮንድ 20 ሜጋቢት የሚቀዳ ቪዲዮ በሰዓት 9 ጊጋባይት ነው። የ20 ሰዓት ቃለ ምልልስ ስለዚህ ለምስሉ 180፣ ለድምፁ 10 ጊጋባይት ይጠይቃል። 256 ጊጋባይት ማከማቻ ያለው ላፕቶፕ ይህን ከስርዓተ ክወናውና ከማቀናበሪያው ሥራ ጋር አይችለውም። 512 ጊጋባይት ኤስኤስዲና ሁለት ውጫዊ ዲስኮች፣ አንደኛው ከትምህርት ቤቱ ውጭ የሚቀመጥ፣ ይሻላሉ። በኢንተርኔት ብቻ መተማመንም አያዋጣም፤ በሴኮንድ 10 ሜጋቢት ሳያቋርጥ ቢጫን እንኳ 180 ጊጋባይት 40 ሰዓት ይወስዳል።

5. ዕድሜና ደኅንነት

ያገለገለ ላፕቶፕ ርካሽ ቢሆንም ዕድሜው መታየት አለበት። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 14 ቀን 2025 (በአውሮፓውያኑ ወር) አብቅቷል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ከኢንቴል ፕሮሰሰሮች በመሠረቱ 8ኛውን ትውልድና ከዚያ በኋላ ያሉትን ይጠይቃል። ከዚያ የቆየ ማሽን ለድምፅ ትንተና በሊኑክስ ሊያገለግል ይችላል፤ የትምህርት ቤቱን መሣሪያዎች ሁሉ የሚከፍት የአስተዳዳሪ አካውንት ግን ሊሰጠው አይገባም። አካውንቱ ታብሌቶችን ከርቀት ማጥፋት ስለሚችል፣ ለቪዲዮ ሥራ ከሚውለው አካውንት መለየት አለበት። ምንጩ ያልታወቀ ሶፍትዌርም በማሽኑ ላይ መጫን የለበትም።

የኡጋንዳ የ2019 የግል መረጃ ጥበቃ ሕግ የሕፃናትን መረጃ ለመሰብሰብ የወላጅን ወይም የአሳዳጊን ፈቃድ ይጠይቃል። የልጆች ስምና ድምፅ ያለበት ዲስክ በምስጠራ መቆለፍ ይኖርበታል። የኤሌክትሪክ መቋረጥ ስላለም ከአንድ ቀን የትምህርት ሰዓት የማያንስ ባትሪ ከፕሮሰሰር ፍጥነት ይበልጥ ይጠቅማል።

6. ማጠቃለያ

ቅደም ተከተሉ እንግዲህ ይህ ነው፦ መጀመሪያ የልጆቹ መሣሪያ ዓይነት፣ ቀጥሎ ፊደሉና ኪቦርዱ፣ ከዚያ የቅጂው መጠን፣ ከዚያ የድጋፍ ዘመኑ፣ በመጨረሻ ዋጋው። ገዢው ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊት በሱቁ ውስጥ ባለ ጅራቱን ፊደል በትንሹና በትልቁ፣ እንዲሁም አንድ የግዕዝ ዓረፍተ ነገር ጽፎ፣ አስቀምጦ፣ በሌላ መሣሪያ ከፍቶ ይይ። ይህ አምስት ደቂቃ አይፈጅም። የተበላሸ ላፕቶፕ በሌላ ይተካል፤ በተሳሳተ ፊደል የተከማቸ የዓመታት ጽሑፍ ግን መልሶ መታረም አለበት፤ ተናጋሪው ካረፈ በኋላ የጠፋ የአረጋዊ ቅጂ ደግሞ ምንም አይተካውም።