ሞያሌ፦ ሁለት ማህተም በአንድ ጣሪያ ስር

ሞያሌ ግማሿ ኢትዮጵያ፣ ግማሿ ኬንያ የሆነች ከተማ ናት። ቀደም ሲል በምድር ወደ ናይሮቢ የሚጓዝ ሰው ፓስፖርቱን ወዲህ አስመትቶ ከወጣ በኋላ ወዲያ ማዶ እንደ አዲስ ይሰለፍ ነበር። ጭነት የያዘ ሾፌርማ ሰነዱንም መኪናውንም ሁለቴ ያስፈትሽ ነበር። ኅዳር 30 ቀን 2013 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድና የያኔው የኬንያ ፕሬዚዳንት ኡሁሩ ኬንያታ የመረቁት የጋራ ድንበር ጣቢያ ይህን እንግልት ለማስቀረት የተሠራ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ከኢትዮጵያ የሚወጣ መንገደኛ በቀጥታ ወደ ኬንያው ሕንፃ ይገባል። እዚያ የኢትዮጵያ ኢሚግሬሽን ሠራተኛ የመውጫ ማህተም ይመታለታል፤ ኬንያዊው ባልደረባው ደግሞ የመግቢያውን። ሲመለስ ሁለቱንም የሚጨርሰው በኢትዮጵያው ሕንፃ ነው። ጉምሩኩም እንደዚሁ። ቀላል ይምሰል እንጂ ከበስተጀርባው ከባድ ውል አለ፤ የአንድ አገር ሹም በጎረቤት መሬት ላይ ቆሞ የራሱን አገር ሕግ እንዲያስከብር ሁለቱም መንግሥታት መስማማት አለባቸው። በአፍሪካ የዚህ አሠራር ፋና ወጊ እ.ኤ.አ. በ2009 ሥራ የጀመረው፣ ዛምቢያንና ዚምባብዌን የሚያገናኘው የቺሩንዱ ኬላ ነው።

ፓስፖርት ላለው ኢትዮጵያዊ ጎብኚ ኬንያ ቪዛ ስለማትጠይቅ ጣቢያው መንገዱን በእርግጥ ያቀልለታል። የሚያሳስበኝ በመስኮቱ የማያልፈው ሰው ነው። ከሀዲያና ከከምባታ ተነስቶ ደቡብ አፍሪካ ለመግባት የሚመኝ ወጣት ሞያሌን የሚያልፈው በደላላ እየተመራ፣ በጨለማ ነው። ቦረናውም ድርቅ ሲጠና ከብቱን እየነዳ ዘመዶቹ ወዳሉበት ማዶ ይሻገራል፤ ግጦሹና ውኃው ድንበር ከመሰመሩ በፊትም የጋራው ነበር።

ኬንያ፣ ኡጋንዳና ሩዋንዳ እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ ዜጎቻቸው በመታወቂያ ብቻ እንዲሻገሩ ፈቅደዋል። ኢትዮጵያ ግን እነሱ ያሉበት የምሥራቅ አፍሪካ ማኅበረሰብ አባል አይደለችም። ለእኛ የቀረበው የኢጋድ የሰዎች ነፃ ዝውውር ፕሮቶኮል ነው፤ ሚኒስትሮች በየካቲት 2012 ዓ.ም. ካርቱም ላይ ተቀብለውታል። ኢጋድ ከብት ይዘው ለሚንቀሳቀሱ አርብቶ አደሮችም ራሱን የቻለ ፕሮቶኮል አዘጋጅቷል። የሰዎቹ ፕሮቶኮል መብቱን የሚሰጠው ደረጃ በደረጃ ነው፤ ከቪዛ ነፃ መግቢያ ይጀምርና ወደ ሥራና ወደ ነዋሪነት ያልፋል። እኔ ግን ለሥራው ደረጃ ቅድሚያ ቢሰጥ እላለሁ፤ ያ ወጣት ከቤቱ የሚወጣው ሥራ ፍለጋ ነውና።