የቆየ የአሜሪካ ቴምብር ሁሉ ሀብት ነውን?

ባለፈው ዓመት ከተማሪዎቼ አንዱ ትምህርት ካለቀ በኋላ የብስኩት ቆርቆሮ ይዞ ወደ ጠረጴዛዬ ቀረበ። በውስጡ ከሁለት መቶ የማያንሱ የአሜሪካ ቴምብሮች ነበሩ። ከ1962 ዓ.ም. ጀምሮ (ዘመኑን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ) በሰላም ጓድ ስም ወደ ኢትዮጵያ ከመጡት መምህራን አንዱ፥ ወደ አገሩ ሲመለስ ለልጁ አያት በስጦታ ትቶላቸው የሄደው ነው። ልጁ ከሁሉ መካከል የቤንጃሚን ፍራንክሊን መልክ ያለባትን አረንጓዴ የአንድ ሳንቲም ቴምብር ለብቻዋ በወረቀት ጠቅልሏታል።

«መምህር፥ ይህች የቤት ዋጋ ታወጣለች ይባላል፤ እውነት ነው?» ሲል ጠየቀኝ።

ነገሩ የጨዋታ አልነበረም። አንድ ደላላ «ውጭ አገር ልኬ ላስመርምርልህ» ብሎ የቅድሚያ ገንዘብ ጠይቆታል፤ ገንዘቡም ከእናቱ ዕቁብ ሊወጣ ነው። እኔም ሳምንት እንዲታገሠኝ ለመንኩት። በዚያ ሳምንት የተማርኩትን ለአንባቢዎቼ አካፍላለሁ።

በመጀመሪያ መታወቅ ያለበት ዕድሜና ዋጋ አንድ አለመሆናቸው ነው። የአሜሪካ መንግሥት ለመላው አገሪቱ የሚያገለግሉ ቴምብሮችን በመጀመሪያ ያወጣው በ1847 ዓ.ም. ሲሆን፥ እነርሱም ባለ 5 ሳንቲሙ ፍራንክሊንና ባለ 10 ሳንቲሙ ጆርጅ ዋሽንግተን ናቸው። እስከ 1857 ዓ.ም. ድረስ ቴምብሮቹ በጠርዛቸው ጥርስ ስላልነበራቸው በመቀስ ይቆረጡ ነበር። የ1847ቱ በእርግጥ ውድ ናቸው። በ1893 ዓ.ም. ስለ ኮሎምቦስ መታሰቢያ የወጣው ባለ 2 ሳንቲም ቴምብር ግን፥ ምንም እንኳ ከመቶ ዓመት በላይ ቢሆነው፥ ከአንድ ቢሊዮን በላይ ስለ ታተመ ዛሬም ርካሽ ነው። በአንጻሩ በ1918 ዓ.ም. አውሮፕላኑ ተገልብጦ ከታተመበት የ24 ሳንቲም ቴምብር ለሕዝብ የተሸጠው አንድ መቶ ብቻ ነበርና፥ ከእነርሱ አንዱ በ2023 ዓ.ም. በሐራጅ ከ2 ሚሊዮን ዶላር በላይ አወጣ። እንግዲህ ዋጋ የሚሰጠው እርጅና ሳይሆን የፈላጊው ብዛትና የዕቃው ጥቂትነት ነው።

ሁለተኛው ነገር፥ አንድ የሚመስሉ ቴምብሮች አንድ አለመሆናቸው ነው። ከ1908 እስከ 1922 ዓ.ም. ድረስ የዋሽንግተንና የፍራንክሊን መልክ በልዩ ልዩ መኪና ደጋግሞ ታትሟል። ለመለየት ሦስት ነገር ይመረመራል። አንደኛው ጥርስ ነው፤ በ2 ሳንቲሜትር ርዝመት ውስጥ ስንት ቀዳዳ እንዳለ ይቆጠራል። ሁለተኛው የሥዕሉ መጠን ነው፤ በሚሽከረከር መኪና የታተመው፥ የማተሚያው ሰሌዳ ታጥፎ ስለሚከብብ፥ ሥዕሉ በጥቂቱ ይለጠጣል። ሦስተኛው በወረቀቱ ውስጥ የተሰወረ ፊደል ነው፤ ከ1895 እስከ 1916 ዓ.ም. ግድም በነበሩት ላይ፥ ቴምብሩ በጥቁር ሳሕን ላይ በፊቱ ተደፍቶ ለዚሁ የተዘጋጀ ፈሳሽ ሲነካው ይታያል።

ለጀማሪ የሚቀለው ከ1938 ዓ.ም. ጀምሮ የወጣው የፕሬዚዳንቶች ተራ ነው። እስከ 22 ሳንቲም ድረስ በቴምብሩ ላይ ያለው ሙሉ ቁጥር የፕሬዚዳንቱ ተራ ቁጥር ነው፦ 1 ዋሽንግተን፥ 3 ጀፈርሰን፥ 16 አብርሃም ሊንከን። ታሪክ ለሚያጠና ተማሪ ከዚህ የተሻለ ማስታወሻ አይገኝም።

የልጁ አረንጓዴ ፍራንክሊን በ1920ዎቹ ከወጡት ወገን ናት። በዚህ ወገን የቤት ዋጋ የሚያወጣው፥ በሚሽከረከረው መኪና ታትሞ በአራቱም ጎን 11 ጥርስ ያለው ሲሆን፥ በዓለም የታወቁት እጅግ ጥቂት ናቸው። እኛም ከቆርቆሮው ሌላ ተመሳሳይ ቴምብር አወጣንና የአንዷን ራስጌ ከሌላዋ ጎን ጋር አገጣጠምን። ጥርሶቹ አልገጠሙም፤ ከላይ 11፥ ከጎን 10 ተኩል ናቸው። ይህ ዓይነት እንደ አሸዋ የበዛ ነው። በካታሎግ ጥቂት የአሜሪካ ሳንቲም ቢባልም፥ ይህ ነጋዴው ስለ ድካሙ የሚያስከፍለው ዝቅተኛ ዋጋ እንጂ ለሻጭ የሚከፍለው አይደለም።

የቴምብሩ ይዞታም ዋጋውን ያወጣል ወይም ይጥላል። ሥዕሉ በወረቀቱ መካከል መሆኑን፥ ጥርሱ አለመጉደሉን፥ ጀርባው አለመሳሳቱን፥ የፖስታ ቤቱ ማኅተም መልኩን አለማጥቆሩን መመልከት ይገባል። በእጅ ከመንካት ይልቅ በወረንጦ መያዝ ይሻላል።

ከሁሉ በላይ የምመክረው ግን ቴምብሩን ከፖስታው ለመላጥ አለመቸኮልን ነው፤ ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ። ማኅተሙና አድራሻው ያልተነካ ፖስታ አንዳንድ ጊዜ ከቴምብሩ ይበልጣል። ተማሪዬም፥ መምህሩ ከአሜሪካ ለአያቱ ከጻፏቸው ደብዳቤዎች የአራቱን ቴምብር ቀድዶ አውጥቶ ነበር።

እውነቱን ስነግረው ለጥቂት ጊዜ ዝም አለ። ቀጥሎም «እንኳን ለደላላው አልሰጠሁ» አለ። የእናቱ ዕቁብ ተረፈ። በማግሥቱ ያልተቀደዱትን ደብዳቤዎች ይዞልኝ መጣ፤ አያቱ በአንደኛው ፖስታ ጀርባ ላይ በእርሳስ የመልሳቸውን ረቂቅ ጽፈውበታል። ያንን ለማንም እንደማይሸጥ ሳልጠይቀው ነገረኝ።