በአሮጌ መኪና ሞተር ላይ የተጣበቀውን የውኃ ማፍሰሻ ቡሎን ስለ መፍታት

የመኪና ሞተር በሚሠራበት ጊዜ እጅግ ይግላል። ግለቱን የሚያበርድለት ውኃ በብረቱ ውስጥ በተሠሩለት መተላለፊያዎች እየዞረ ወደ ራዲያተሩ ይሄዳል፤ በዚያም በነፋስ ቀዝቅዞ ይመለሳል። ይህ ውኃ በየጊዜው ሳይለወጥ የቀረ እንደ ኾነ፥ ከብረቱ የሚወጣው ዝገትና ከጕድጓድ ውኃ የሚገኘው ኖራ ተደባልቀው በሞተሩ ግርጌ እንደ ጭቃ ይዘቅጣሉ። ጭቃው በተኛበት ስፍራ ውኃ ስለማይዞር ብረቱ ያለ ልክ ይግላል፤ ውኃውም ይፈላል፤ በመጨረሻም ሞተሩ እስከ መሰንጠቅ ይደርሳል። በደጋ አገር ለሚሠራ ሞተር ነገሩ የባሰ ነው፤ በባሕር ጠረፍ በ100 ዲግሪ የሚፈላው ውኃ በአዲስ አበባ ከፍታ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላልና።

ስለዚህ ውኃውን አፍስሶ መለወጥ ይገባል። ነገር ግን ብዙ ነጂዎች የሚስቱት አንድ ነገር አለ። ለምሳሌ ያህል፥ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1948 እስከ 1985 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር የተሠራው አሮጌው ላንድሮቨር፥ ባለአራት ሲሊንደር ሞተሩ ኹለት ማፍሰሻ አለው፤ አንደኛው በራዲያተሩ ሥር፥ ኹለተኛው በራሱ በሞተሩ ጐን ነው። የራዲያተሩ ብቻ ሲከፈት በሞተሩ ግርጌ ያለው ውኃና ጭቃ በስፍራው ይቀራል፤ ነጂው ግን ሥራው የተፈጸመ ይመስለዋል። ሌሊት ውርጭ በሚወርድበት አገርም ውኃ በረዶ ሲኾን ከመቶ 9 እጅ ያህል ስለሚሰፋ፥ በውስጥ የቀረው ውኃ ብረቱን ሊሰነጥቀው ይችላል።

የሞተሩ ማፍሰሻ ለብዙ ዓመት ሳይነካ የኖረ እንደ ኾነ ይጣበቃል። ምክንያቱም ቡሎኑ ብዙ ጊዜ ናስ፥ የሞተሩ አካል ግን ቀልጦ በቅርጽ የፈሰሰ ብረት ነው፤ ኹለቱ በውኃ ውስጥ ሲገናኙ ብረቱ ፈጥኖ ይዝጋል፤ ዝገቱም በጥርሶቹ መካከል ገብቶ እንደ ስሚንቶ ያስረዋል። እንዲህ ያለውን ቡሎን በረዥም መፍቻ በኀይል የሚጠመዝዝ ሰው ወይ የራሱን ማዕዘን ይልጠዋል፥ ወይ አንገቱን ይቈርጠዋል፥ ከዚህም የከፋ የሞተሩን አካል ይሰነጥቃል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንዲሉ፥ በጥቂት ገንዘብ የሚገዛው ቡሎን የሞተር ዋጋ ያስከፍላል። መፍትሔው ትዕግሥት ነው፤ ሥርዐቱም እንደሚከተለው ነው።

አንደኛ፤ ሞተሩ ፈጽሞ እስኪቀዘቅዝ ይጠበቃል፤ የጋለ ራዲያተር ክዳን ሲከፈት ፈልቶ የሚወጣው ውኃ ፊትን ያቃጥላልና። ከዚያ በኋላ ክዳኑ ተከፍቶ በራዲያተሩ ማፍሰሻ የሚወጣው ኹሉ ይፈሳል።

ኹለተኛ፤ በቡሎኑ ዙሪያ ያለው ጭቃና ዝገት በሽቦ ብሩሽ ይጠረጋል፤ ዝገት የሚያላቅቅ ቀጭን ዘይት በሥሩ ይንጠባጠባል፤ እንዲሁ ሌሊቱን ያድራል። ይህም ለኹለትና ለሦስት ቀን ይደገማል። ዘይት በተጨመረ ቍጥር የቡሎኑ ራስ በትንሽ መዶሻ ቀስ ተብሎ በቀጥታ ይመታል፤ መንቀጥቀጡ ዝገቱን አላልቶ ለዘይቱ መንገድ ይከፍታል።

ሦስተኛ፤ የቡሎኑን ራስ በየገጹ ኹሉ አጥብቆ የሚይዝ፥ በልኩ የተሠራ መፍቻ ይመረጣል። ፒንሳና ልኩ ያልኾነ መፍቻ ማዕዘኑን ይልጡታልና አይገቡም። መጀመሪያ ወደ ማጥበቂያው በኩል ጥቂት ይሞከራል፤ ቀጥሎ ወደ መፍቻው። ፈቀቅ ካለ በኋላም በአንድ ጊዜ ከመጠምዘዝ ይልቅ ጥቂት ወደ ፊት፥ ጥቂት ወደ ኋላ እያሉ ዘይት መጨመር ይሻላል። በቡሎን ፈንታ ቧንቧ የተገጠመ እንደ ኾነ፥ መፍቻው የሚያዘው በቧንቧው ወገብ እንጂ በቀጭኑ እጀታ አይደለም።

አራተኛ፤ ይህ ኹሉ ካልረዳ እሳት ያስፈልጋል። ናስ በጋለ ጊዜ ከብረት ይልቅ ይሰፋል፤ ሲቀዘቅዝም ይበልጥ ይሰበሰባል። ስለዚህ የናስ ቡሎን ጥቂት ግሎ እንደ ገና እንዲቀዘቅዝ ቢደረግ በዙሪያው ያለው ዝገት ይሰባበራል፤ ገና ሞቅ ሳለም ሻማ ቢነካበት ሰሙ ቀልጦ በጥርሶቹ መካከል ይገባል። ነገር ግን ቤንዚን ወይም የጎማ ቱቦ በቅርብ ሳለ፥ የፈሰሰውም ዘይት ሳይጠረግ እሳት አይቀርብም፤ አሸዋም አስቀድሞ ይዘጋጃል።

ቡሎኑ ወጥቶ ውኃ ያልፈሰሰ እንደ ኾነ፥ ቀዳዳው በጭቃ ተዘግቷልና በቀጭን ሽቦ በዝግታ ይከፈታል፤ ከላይም ንጹሕ ውኃ እየተጨመረ ጠርቶ እስኪወርድ ድረስ ይታጠባል። የቡሎኑ ራስ የተቈረጠ እንደ ኾነ ግን ሥራውን አቁሞ ለሠለጠነ መካኒክ መስጠት ይገባል፤ እርሱ በመካከሉ በስቶ ጥርሱን ሳይጐዳ ያወጣዋል። ሲመለስም ጥርሱ ተጠርጎ፥ መጣበቅን የሚከለክል ቅባት ተቀብቶ፥ ያለ ልክ ሳይጠብቅ ይገጠማል፤ ሞተሩ ሲሞቅም አለመንጠባጠቡ ይታያል።

በሞተሩ ውኃ ውስጥ በረዶን የሚከለክለው ኤቲሊን ግሊኮል የተባለው ፈሳሽ ተጨምሮበት ከኾነ ብርቱ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ጣዕሙ ጣፋጭ ስለ ኾነ ከብትና ውሻ ይጠጡታል፤ መርዝ ነውና ይሞታሉ። ስለዚህ የሚፈሰው ኹሉ በዕቃ መቀበል አለበት፤ በሜዳ፥ በምንጭ ወይም ከብት በሚጠጣበት ስፍራ ከቶ አይደፋም።

መኪናው የሚታዘዝለት ሹም ወይም ባለንብረት መፍቻ ባይጨብጥም በዚህ ሥራ ድርሻ አለው። ነጂውን በአንድ ሰዓት እንዲጨርስ ያስጨነቀው እንደ ኾነ፥ ነጂው ኀይል ይጨምራል፤ ሞተሩም ይሰበራል። ሦስት ቀን የፈቀደለት እንደ ኾነ ግን፥ በሦስት ቀን ዕረፍት የብዙ ዓመት አገልግሎት ይገዛል።